በሕይወት ያለ ወንድም

«በሕይወት ያለ ወንድም የለኝም» አለች ማርሊን ሁዳክ በስልክ። በሩን ዘግታ ነው የምታወራው፤ የዚያ ቢሮ ግድግዳ ግን ስስ ጣውላ ስለሆነ በሩ የሚዘጋው ለወጉ ያህል ነው። ከግድግዳው ወዲህ የወንድሟ ሚስት ቤርናዴት ሩሶ ተቀምጣ ፖስታ ላይ ቴምብር ትለጥፍ ነበር። ቴምብሩን በጣቷ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በሕይወት የለም የተባለውን ሰው ከአርባ ደቂቃ በፊት ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ አጥልቆ የሌላውን ሲፈልግ ትታው ነው የወጣችው። «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» አለች ማርሊን ከግድግዳው ማዶ። «ስሙ ቢመሳሰል ምን ላድርግ? እዚህ ከተማ ሁዳክ የሚባል ሞልቷል።» ይህን ያጫወተችኝ ራሷ ቤርናዴት ናት፤ መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጨምረህበታል የሚለኝ ካለ እሷን ይጠይቅ።

ቢሮው ያንግስታውን ውስጥ ማርኬት ጎዳና ላይ፣ ድሮ ጫማ ቤት የነበረው ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ሲሞቅ የሚያጓራ የማሞቂያ ቱቦ። መስኮቱ ላይ «ኑዛዜ፣ ፍቺ፣ የቤት ሽያጭ፣ የሥራ ላይ ጉዳት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ «ፍቺ» ከሚለው አንድ ፊደል ወልቆ ከወደቀ ቆይቷል። ቤርናዴት ጠረጴዛ ፊት በወረርሽኙ ጊዜ የተሰቀለው ግልጽ ፕላስቲክ እስካሁን አልወረደም፤ «የፊታችን ሰኞ እናወርደዋለን» ሲባል አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ማርሊን ጠበቃም ባለቤትም ናት። ቤርናዴት ጸሐፊም፣ ደመወዝ ሠሪም፣ ስልክ አንሺም፣ አምፖል ቀያሪም ናት። ሌላ ሠራተኛ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ቤርናዴት ሩዲ ሁዳክን ያገኘችው እዚሁ ነው፤ እህቱ ዘንድ የመኪና ግጭት ጉዳይ ይዞ መጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ አወሩ፣ በሃምሳ ዓመቷ አገባችው፣ የአባቷንም ስም አልቀየረችም። ማርሊን በጋብቻው ወረቀት ላይ ምስክር ሆና ፈርማለች። አሁን ግን ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ የሩዲ ስም በዚያ ቢሮ ተነሥቶ አያውቅም። ሁለቱ ሴቶች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳኞቹ ጠባይ፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ ያወራሉ፤ ቤርናዴት ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሲያስል ስለሚያድረው ሰው ግን አንዷም ቃል አትተነፍስም።

ነገሩ እንዲገባ የገንዘቡን ጉዳይ መናገር አለብኝ፤ በአጭሩ እጨርሰዋለሁ። በወረርሽኙ ጊዜ ፍርድ ቤቶች ሲዘጉ የጠበቆችም ገበያ አብሮ ተዘጋ። ገቢው ወድቆበትም ሠራተኛውን ላላሰናበተ ድርጅት መንግሥት ከደመወዝ ግብር ላይ ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ለማርሊን ቢሮ የተመለሰው በአንድ ሰው ሃያ አንድ ሺህ፣ ለሁለቱ አርባ ሁለት ሺህ ዶላር ነው። እሷ ፈልጋ አልሄደችም፤ ስልኩ ነው አላስቀምጥ ያላት። «የሕግ ቢሮዎ ይገባዋል፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይስጡን» የሚል ለስላሳ ድምፅ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውል ነበር፤ ከሚመለሰው ላይ ሩቡን ለራሱ ይቆርጣል። የሰውን ውል ነጥብ በነጥብ የምታነብ ሴት የራሷን በወጉ ሳታነብ ፈረመች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። ገደሉ አንዲት መስመር ናት፤ የድርጅቱ ባለቤት ዘመድ ደመወዝ አይቆጠርም ትላለች፣ የወንድም ሚስትም ከዘመድ ትገባለች። ይባስ ብሎ የድርጅቱ ባለቤት ራሷ በሕይወት ያለ ወንድም ወይም እህት ካላት የገዛ ደመወዟም አይቆጠርላትም። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት የሌላት ብቸኛ ብትሆን ኖሮ ግን ይቆጠርላት ነበር። ይህን ሕግ ማን እንዳረቀቀው አላውቅም፤ እናት የወለደችው አይመስለኝም።

ያ ቀን ማርች 22 ነበር፣ ከሆሣዕና በፊት ያለው ዓርብ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሳይገባቸው ለወሰዱ ሰዎች ምሕረት ቢጤ አውጆ፣ እስከዚያ ዕለት ድረስ ራሱን ያጋለጠ ከወሰደው ከመቶ ሰማንያውን መልሶ ያለ ቅጣት ይሄዳል ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የተያዘ ሙሉውን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይከፍላል። ኬቪን ማሎይ የሚባለው አዲሱ የሒሳብ ባለሙያ ጥንቁቅ ሰው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ፋይሉን ሲያገላብጥ በጤና መድኑ ዝርዝር ላይ፣ ከቤርናዴት ሩሶ ስም ሥር፣ «ባል፦ ሩዶልፍ ሁዳክ» የሚል አገኘ። በጠዋቱ የደወለው ለዚህ ነበር።

ማርሊን ስልኩን ዘግታ፣ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ መነጽሯ ከአንገቷ የማይለይ ሴት ናት። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ለደንበኛ እንደምታደርገው፣ በፕላስቲኩ ሥር አሾልካ ቤርናዴት ፊት አኖረች።

«ኬቪን ይህን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈልገዋል። እኔ እስከ ዘጠኝ ፍርድ ቤት ነኝ።»

ቤርናዴት አነበበችው። አጭር ነው። ሠራተኛዋ ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ዝምድና አላት? አዎ፤ የለም። ካላት፣ ምን? ከዚያ ፊርማ።

«ምን ልሙላ?»

«እኔ ያንቺ ጠበቃ አይደለሁም፣ ቤርኒ።»

«ጠበቃዬ አይደለሽም። ምኔ ነሽ ታዲያ?»

ማርሊን ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች፣ ጣት በጣት። «አዎ ካልሽ ሠላሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር እመልሳለሁ። እጄ ላይ የለም። በየወሩ ልክፈል ብል ደግሞ የሚቀነሰው ከመድኑ ነው፣ እዚህ ቤት ሌላ የሚቀነስ ነገር አልቀረም። ላስፈራራሽ አይደለም። ሒሳቡን የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።»

«እሱ ቢሰማሽ ኖሮ…»

«ወንድም የለሽም ያለኝ እሱ ነው» አለች ማርሊን። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በአባ ስቲቨን ፊት። እኔ እሱ ያለኝን ነው የተናገርኩት።» ወጣች፤ ቤርናዴትም በመስኮቱ በኩል ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መንገዱን ስታቋርጥ አየቻት።

ነገሩ የአባታቸው ቀብር ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት፣ በዲሴምበር፣ ሽማግሌው ሲረል ሁዳክ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሞተ። ለፍትሐት ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ዐሥር ሰው ብቻ ነበር። ሩዲ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረ፤ የሥራ ባልደረባው ታሞበት አሥራ አራት ቀን ከሰው እንዲርቅ ታዝዞ፣ የቀብሩ ዕለት አሥራ አንደኛው ቀኑ ነበር። ዝርዝሩን የያዘችው ማርሊን ነበረች። አሥራ አራት ማለት አሥራ አራት ነው አለች። ሩዲ የአባቱን ፍትሐት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው የተከታተለው፣ ያየውም የቤተ ክርስቲያኑን ጡብ ብቻ ነው። አስከሬኑ ሲወጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና አባ ስቲቨን እየሰሙት «ማርሊን፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም» አላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። በወሩ እሱንም በሽታው ያዘው፤ ተረፈ፣ ሳንባው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፣ አውቶቡሱንም ከነመድኑ ተወ። ከዚያ ወዲህ በሚስቱ መድን ነው የሚታከመው። ግማሹን የሚከፍለው የእህቱ ቢሮ ነው፤ በየወሩ ቼኩን የምትጽፈው ቤርናዴት፣ የምትፈርመው ማርሊን።

እስከ ቀትር ድረስ ቤርናዴት ያን ወረቀት በስቴፕለር ሥር፣ ቀጥሎ መሳቢያ ውስጥ፣ ቀጥሎ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከዚያም ተመልሳ በስቴፕለር ሥር አደረገችው። የአንዲት ደንበኛ ስም ሦስት ጊዜ አሳስታ ጻፈች። ቤቱን ሊሸጥ የመጣ ሰው ስለ ጣሪያው ሲያወራት ዓይን ዓይኑን እያየች አንድም ቃል አልሰማችም። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ብታደርግ ማን ያውቃል? ኬቪን የፈለገው ነገ የሚሸሸግበት ወረቀት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይቆፍርም። ሩዲ በየወሩ ወደ ሳንባው የሚስበው መድኃኒት ያለ መድን አምስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ነው፤ በየስድስት ወሩ የሚነሣው የደረት ምርመራ አለ፤ እሱ ገና ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የጡረተኞች መድን የሚጀምረው በስድሳ አምስት። ይህን ሁሉ ታውቃለች። የምትናደደው ግን በሌላ ነበር። ማርሊን ቅንጣት ውሸት የማትፈርም ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ በስህተት የተመታ ማኅተም ልታስለውጥ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነድታ ተመልሳለች። በሐሰት ከፈረመች የጥብቅና ፈቃዷ እንደሚሄድም ታውቃለች። ስለዚህ ውሸቱን ቤርናዴት እንድትፈርመው በፕላስቲኩ ሥር አሾለከችው። ፈሪ! አለች ቤርናዴት ባዶው ቢሮ ውስጥ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ «ለምሳ ወጥተናል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቅላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነዳች።

አዳራሻችን በጾም ዓርብ፣ ካቶሊኩ ሁሉ ሥጋ ትቶ ዓሣ ሊገዛ ስለሚመጣ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ዘይት ዘይት ይሸታል። ፐርች ዓሣ ከነጎመኑና ከነፓስታው አሥራ ስድስት ዶላር፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ አሥራ አራት፤ ድንች የተሞላውን ፒሮጊ ብቻ ለሚፈልግ ደርዘኑ አሥራ ሁለት። አምና ፐርቹ አሥራ አራት ነበር፤ አሮጊቶቹ በየሳምንቱ የዋጋ ሰሌዳውን እያዩ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይገዛሉ። ሩዲ አየር እንዲያገኝ ከኋላ በኩል በተከፈተው ትልቅ በር አጠገብ ነው የሚጠብሰው። ሐኪሙ በጭስ አጠገብ እንዳይደርስ ከልክሎታል፤ ሩዲም ሐኪሙ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ዓርብ ዓርብ እዚህ ዝር እንደማይል ያውቃል።

«ምነው፣ ገና በስድስት ሰዓት ራበሽ?» አላት ቅርጫቱን እያራገፈ።

ወረቀቱን ዘይት እንዳይነካው ከፍ አድርጋ ያዘችና ነገረችው፤ የሰማችውን፣ ማርሊን ያለቻትን፣ የገንዘቡን ልክ። ሩዲ ዓሣውን እያገላበጠ አዳመጣት።

«ታዲያ የለም በያ። ምን ያስጨንቅሻል?»

«ሞተሃል ማለት እኮ ነው።»

«ሞቼ ከጠቀምኩ ምን ከፋ! ቆሜ ማንን ጠቀምኩ?» ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ፋሲካ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። እኔ ግን አልቸኩልም፤ የጡረተኛው መድን እስኪደርስልኝ ሦስት ዓመት ተኝቼ በስድሳ አምስቴ እነሣለሁ።»

አጠገቡ ቆሞ ዓሣ በዱቄት የሚያንከባልለው ሰውዬ ሳቀ። ቤርናዴት አልሳቀችም።

«ብለሃታል ወይ?»

«ምን?»

«ወንድም የለሽም ብለሃታል ወይ?»

«ተናድጄ ነበር፣ ቤርኒ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው እኮ አባቴ ነው።»

«እሷ በልቧ ጽፋዋለች።»

«መቼ ሳትጽፍ ቀርታ ታውቃለች! ልጆች ሆነን ከረሜላዬን ወሰድክብኝ ብላ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ትይዝብኝ ነበር።» ቅርጫቱን ወደ ዘይቱ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ እሷ ሳይዞር፣ «ስትለው ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» አለ።

«አላየሁም። ግድግዳ አለ።»

«የለም በያ» አለ ሩዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ እቤቴ እስካለሽ እኔ መኖሬን እሷ ባታውቀው ምን ገዶኝ።» ይህን ብሎ ሳሉ ያዘው፣ በሩ ላይ ተደግፎ ጀርባውን ሰጣት፣ ቤርናዴትም ሳሉ እስኪለቀው ቆማ ጠበቀችና ሳትሰናበተው ወጣች።

ቢሮ ለመመለስ አልቻለችም። በመጀመሪያ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዳ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች ከመስኮቱ መድኃኒቱን ተቀበለች፤ በመድን ሠላሳ አምስት ዶላር። ከዚያ አንዱን ሰፈር ሁለት ጊዜ ዞረችው። ቤንዚን ሦስት ከአርባ ዘጠኝ ሳንቲም ነበር፣ በሚቀጥለው ማደያ ሦስት ከሃምሳ አምስት፤ ቤንዚኗ ሙሉ ሳለ ዋጋ የምታነበው ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። በሁለቱም ተናዳለች። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን እርስ በርስ አመድ ሲበትኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አንዱ የለሽም ይላል፣ አንዷ የለኝም ትላለች፣ መሐላው ለእሷ ይተርፋል። የአንድ ሱፐርማርኬት ማቆሚያ ላይ ቆመችና ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግታ፣ በእርሳስ፣ «የለም» የሚለው ላይ ቀለል አድርጋ ምልክት አደረገች። ለማየት ያህል ነው። አየችው። ባሏ የማንም ወንድም ያልሆነ፣ እሷም የማንም ያልሆነች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከባዕድ ሴት ጋር የተቀመጠች መሰላት። የተኙበት አልጋ፣ የሚያስለው ሰው፣ በዚያ ክረምት ሆስፒታል በር ላይ ቆማ በመስታወት ያየችው ፊት፣ ሁሉ በዚያች ጭረት ተሰረዘ። ፈርታ ነበር፣ በጣም ፈርታ ነበር፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር በየወሩ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ግን ከፍርሃቱ በላይ አስጠላት። ላጲስ ስላልነበራት በምራቋ አጠፋችው፣ ወረቀቱም ትንሽ ተላጠ። በስክሪብቶ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገች።

ማርሊን በዘጠኝ ተኩል ከፍርድ ቤት ስትመለስ ቤርናዴት በፕላስቲኩ ሥር አላሾለከችም። ተነሥታ፣ በሯን ከፍታ ገብታ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው።

«አዎ ብያለሁ። ቁጣ ካለሽ አሁን ተቆጪኝ፣ ስልክ ሳይጠራ።»

ማርሊን ካፖርቷን ሳታወልቅ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ካላት፣ ምን?» በሚለው መስመር ላይ ቤርናዴት «የወንድሟ የሩዶልፍ ሁዳክ ሚስት» ብላ ነበር የጻፈችው። ማሞቂያው አጓርቶ ዝም አለ። አንድ አውቶቡስ በደጅ አለፈ። ማርሊን አንዲቱን መስመር አንብባ ለመጨረስ የወሰደባት ጊዜ አንድ ሙሉ ኑዛዜ ያስነብብ ነበር፤ ቤርናዴትም እጇን የት እንደምታደርግ ጠፍቷት የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ሁለተኛ ስሙን ዘለልሽው» አለች ማርሊን በመጨረሻ።

«ቦታ አልበቃኝም።»

ማርሊን ብዕሯን አነሣችና በሁለቱ ስሞች መካከል፣ በጠባቡ፣ «ሲረል» ብላ አስገባች። «የአባታችን ስም ነው» አለች። ከዚያ ቀብር ወዲህ «አባቴ» ስትል እንጂ «አባታችን» ስትል ቤርናዴት ሰምታት አታውቅም። 

ማርሊን ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ኬቪን፣ ማርሊን ነኝ። የጠዋቱን እርሳው።»

«የቱን?»

«ወንድም የለኝም ያልኩህን።»

«አለዎት?»

ማርሊን ወደ መስኮቱ አየች። «አለኝ» አለች። «አንድ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው በዚህ ነገር ይሳሳታል?»

«አንተ ወንድም የለህም ማለት ነው።»

«እህቶች ናቸው ያሉኝ» አለ ኬቪን ግራ ተጋብቶ፣ ከዚያም ወደ ሥራው ገባ። ቅጹን ላከላቸው። በሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ የሚለው ሥር ማርሊን ፈረመች፤ ቅጹ ገንዘቡን ያስመለሰውን ስለሚጠይቅ የዚያን ባለ ለስላሳ ድምፅ ሰውዬ ስምና አድራሻም ጻፈች፣ ይህን እንኳ በደስታ። በአሥር ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ተላከ። በአምስት ዓመት ቢከፈል ወለዱ ሳይቆጠር በወር አምስት መቶ ስልሳ ዶላር ይደርሳል አለ ኬቪን። ቢሮው ለሩዲ መድን በወር የሚያወጣው አምስት መቶ ዘጠና ነው። ሁለቱም ሴቶች ይህን ቁጥር በቃላቸው ስለሚያውቁት ማንም ወደ መዝገቡ አልሄደም።

«መድኑን እስከ ጁን መጨረሻ እይዘዋለሁ» አለች ማርሊን። «ያንቺ ይቀጥላል። የእሱን ግን ከዕዳው ጋር ሁለቱን መሸከም አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ቤርኒ…»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።» ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ደርሳ «ልንገረው?» አለች።

«ምን ብለሽ? ወረቀት እኮ ነው» አለች ማርሊን። መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን በጣቶቿ ተጫነቻቸው፣ ካፖርቷ ገና እላይዋ ላይ ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ አዳራሹ ሞልቶ ወረፋው እስከ መኪና ማቆሚያው ወጥቶ ነበር። ቤርናዴት በኋላ በር ገብታ ሩዲ ዘንድ ሄደች። እኔ ወረፋው ውስጥ ነበርኩ፤ በአዳራሹና በመጥበሻው መካከል ያለው መስኮት ክፍት ስለነበረ የተባለውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፣ አብረውኝ የነበሩትም ሰምተዋል።

«ፈረመች» አለችው። «በሕይወት አለህ።»

«ስንት ወጣባት?»

«ሠላሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ።»

ሩዲ ቅርጫቱን በአየር ላይ እንደያዘ ቆመ። «ለእኔ?»

«ለአንተ። በሕይወት ስላለህ።»

«በሠርጌ እኮ ዳቦ መጥበሻ ነው የሰጠችኝ!» አለና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፣ ሲቆምም ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ቆየ። ጭሱ ነው አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ «መድኑስ?» አለ።

«እስከ ጁን።»

«እንዲህ ከሆነማ ሞቼ ብቆይ ይሻል ነበር።»

«ዝም በል!» አለች ቤርናዴት። ሁላችንም ደነገጥን፤ ይህች ሴት በአዳራሹ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ይህን ቃል ደግመህ እንዳታወጣት። ሁለታችሁ አንድ አንድ ጊዜ አውጥታችኋት ያመጣችብኝ ይበቃኛል። ጁን ሲመጣ እናያለን፣ እኔና አንተ፣ ከነነፍሳችን።» ባለ ዱቄቱ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። ሩዲ ቅርጫቱን ቀስ ብሎ ወደ ዘይቱ አወረደ።

እሷም ዞራ መጥታ፣ ቦታ ተለቆላት፣ ከእኔ ሁለት ሰው ቀድማ ወረፋ ያዘች። ገንዘብ ተቀባይዋ እማማ ሆርቫት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ በዚያ ቀብርም ከዐሥሩ አንዷ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ፣ የሚያመልጣቸው ነገር የለም።

«ሁለት ፐርች፣ እንደ ወትሮሽ?» አሏት እርሳሳቸውን አንሥተው።

«ሦስት ያድርጉልኝ።»

«ሦስት? ሁለት አይደላችሁ እንዴ ልጄ፣ ሦስተኛው ለማነው?»

ወረፋው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ ዘይቱ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ሩዲም በመስኮቱ በኩል ቀና ብሎ እያየ ነበር።

«ለባሌ እህት» አለች ቤርናዴት።